ሲኒው ይመለስ፦ ስለ ወረቀት ኩባያና ስለ ዕለት ቡናችን

የዚህ ወር የትምህርት ዓምዳችን ስለ ቡና ነው። ስለ ቡናው ጣዕም ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጽፈው ቡናውን ስለምንጠጣበት ዕቃ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ የጤናውንም ጉዳይ ጨምሬበታለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው ምንድን ነው?

ሲያትል የቡና ከተማ ናት። ስታርባክስ የመጀመሪያ ሱቁን በ1971 እዚሁ ፓይክ ፕሌስ ገበያ አካባቢ ከከፈተ ወዲህ፣ የወረቀት ኩባያ ይዞ መሄድ የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ብትገቡ ግማሹ ተሳፋሪ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ኩባያ ይዟል።

እኛ ደግሞ የቡና አገር ልጆች ነን። በቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጣል ነገር የለም። ጀበናው ይታጠባል፣ ሲኒው ይለቀለቃል፣ ረከቦቱ ይወለወላል፣ አተላው እንኳ ብዙ ጊዜ አትክልት ሥር ይደፋል። አንዱ ሲኒ አቦልን፣ ቶናንና በረካን አስተናግዶ በማግሥቱም እዚያው ረከቦት ላይ ይገኛል። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ሲኒ ከእኛ በዕድሜ ይበልጣል።

ነገር ግን የተማሪ ማኅበራትን ዝግጅት አስተውሉ። ቡናው በወጉ ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ሲኒዎቹ ለፎቶ ረከቦቱ ላይ ይደረደራሉ። እንግዳው ሲበዛ ግን ቡናው በወረቀት ኩባያ ይቀዳል። ሲኒው ጌጥ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ሌላስ አማራጭ አለን?

የወረቀት ኩባያ ከምን ይሠራል?

ስሙ የወረቀት ኩባያ ይባል እንጂ ወረቀት ብቻ አይደለም። ወረቀት ትኩስ ቡና ቢፈስበት ወዲያው ይርሳል። ስለዚህ የውስጡ ገጽ ፖሊኢትሊን በሚባል ስስ ፕላስቲክ ይለበጣል። ወረቀቱና ፕላስቲኩ በጣም ስለተጣበቁ ሁለቱን ለመለየት ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ብዙ ከተሞች ኩባያውን መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል የማይቀበሉት ለዚህ ነው።

የእንግሊዝ ፓርላማ የአካባቢ ጉዳዮች ኮሚቴ በጥር 2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በአገሪቱ በዓመት 2.5 ቢሊዮን የቡና ኩባያ እንደሚጣልና ከዚህ ውስጥ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ ገልጾ ነበር። ኮሚቴው በእያንዳንዱ ኩባያ ላይ 25 ሳንቲም (ፔንስ) እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቧል።

«ለብስባሽ የሚሆን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኩባያም አለ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ይህ ጓሮ ውስጥ ስለጣልነው አፈር አይሆንም፤ ከፍተኛ ሙቀት ያለው የብስባሽ ፋብሪካ ይፈልጋል። ተራ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ ከሌላው ኩባያ የሚለይበት ጥቅም የለውም።

ከተጣለ በኋላ የት ይሄዳል?

ሲያትል በዚህ ጉዳይ ከብዙ ከተሞች ቀድማለች። በ2009 የፎም ዕቃ ለምግብ መሸጫ ከለከለች። ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ምግብ ቤቶች የሚሰጡት የሚጣል ዕቃ ወይ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ወይ የሚበሰብስ እንዲሆን አዘዘች። በሐምሌ 2018 የፕላስቲክ ስትሮና ማንኪያ ተከለከለ። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ ስትሮ፣ የሚጣል ማንኪያና የቀዝቃዛ መጠጥ ክዳን የሚሰጠው ደንበኛው ሲጠይቅ ነው።

ከተማዋ የወረቀት ኩባያን መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል ከሚቀበሉት ጥቂት የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። ይሁንና ኩባያው ባዶና ንጹሕ መሆን አለበት። ግማሽ ቡና ያለበት ኩባያ ሲገባ አብሮት ያለውን ወረቀት ሁሉ ያበላሻል። የትኛው ዕቃ የትኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ እንደሚገባ ስትጠራጠሩ የሲያትል ፐብሊክ ዩቲሊቲስ ድረ ገጽ ላይ የዕቃውን ስም ጽፋችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ተራ ቆሻሻ ውስጥ የገባው ኩባያስ? ባቡር ተሳፍሮ ኦሪገን ውስጥ አርሊንግተን አጠገብ ወዳለው ኮሎምቢያ ሪጅ የተባለ የቆሻሻ መጣያ ይጓዛል። እኛ ስለማናየው የጠፋ ይመስለናል፤ ነገር ግን «ጣልኩት» ማለት «ሌላ ሰው አጠገብ አስቀመጥኩት» ማለት ነው።

ይህን ከአዲስ አበባ ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) በኮሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። የኮሼን ሰዎች የገደለው የቡና ኩባያ ነው ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግኩት፣ ከተማ የሚጥለው ነገር ሁሉ መጨረሻው አንድ ቦታ መሆኑን፣ በዚያ ቦታም ሰው ሊኖር እንደሚችል ነው። አሁን በአዲስ አበባም የሚወሰድ ቡና በወረቀት ኩባያ እየተለመደ ስለመጣ፣ ጉዳዩ የሲያትል ብቻ አይደለም።

ጤናችንስ?

ሦስት ነገሮችን ለይተን እንይ።

የመጀመሪያው የኩባያው ሽፋን ነው። በሕንድ የካራግፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ የወረቀት ኩባያ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቆይተው መርምረዋል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 25,000 የሚጠጉ የማይክሮፕላስቲክ ቅንጣቶች አግኝተዋል። ይህ ብቻውን «በሽታ ያመጣል» ለማለት አያበቃም፤ ሸክላ ሲኒ ግን የፕላስቲክ ሽፋን ስለሌለው ጥያቄው አይነሳበትም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥን «ለካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል፤ የሚጎዳውም የምግብ ቧንቧ ነው። ችግሩ ያለው ሙቀቱ ላይ እንጂ ቡናው ላይ አይደለም። ክዳን ያለው ኩባያ ሙቀት አፍኖ ይይዛል፤ ሲኒ ግን ትንሽና አፉ የተከፈተ ስለሆነ ቡናው ቶሎ ይበርዳል። ቡና ቁርስ እየበሉ፣ እየተጫወቱ መጠጣትም ለማቀዝቀዝ ጊዜ ይሰጣል።

ሦስተኛው መጠን ነው። ከሱቅ የሚገዛው መካከለኛ ኩባያ 16 አውንስ፣ ማለትም 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የቤታችን ሲኒ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአብዛኞቹ ጤነኛ አዋቂዎች በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር እንደማያመጣ ይገልጻል። ለነፍሰ ጡር ሴት ሐኪሞች የሚመክሩት ከ200 ሚሊ ግራም በታች ነው። በፈተና ሰሞን ሁለት ትልልቅ ኩባያ የሚጠጣ ተማሪ ይህን ወሰን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የተጠጣው እኩለ ሌሊትም ሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለሴት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ፣ ሰውነት ከሽሮና ከምስር የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሰዋል። ደም ማነስ ያለባችሁ ከሆነ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። በተለይ በጾም ወራት ይህን አትርሱ።

ስንት ጊዜ ብንጠቀምበት ነው የሚያዋጣው?

«ሲኒ ለመሥራትም እኮ እሳት ያስፈልጋል፤ ለማጠብም ሙቅ ውኃ ይፈጃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ትክክል ነው። ይህን በ1994 ያሰላው በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ማርቲን ሆኪንግ ነው። ዕቃውን ለመሥራትና በየጊዜው ለማጠብ የሚወጣውን ኃይል ደምሮ፣ የሸክላ ኩባያ ከወረቀት ኩባያ የሚሻለው 39 ጊዜ ካገለገለ በኋላ እንደሆነ አገኘ። ብርጭቆ 15 ጊዜ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ 17 ጊዜ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» ነው ተብሎ አዲስ ኩባያ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም። አምስት የሚያማምሩ ኩባያዎች ያሉት ሰው፣ አንድ አሮጌ ፔርሙዝ ይዞ ከሚዞር ሰው በላይ አካባቢን አልጠበቀም። ሁለተኛ፣ ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው የእናቶቻችን ሲኒ ከተሠራ ቆይቷል፤ 39 ጊዜም ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከሁሉ የሚሻለው ዕቃ ያለን ዕቃ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ስታርባክስ የራሱን ኩባያ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ከ1985 ጀምሮ ቅናሽ ያደርጋል። በ2008 ደግሞ እስከ 2015 ድረስ ከሚሸጠው መጠጥ 25 በመቶው በማይጣል ኩባያ እንዲሆን ዕቅድ አወጣ፤ በኋላ ግን ዕቅዱን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረገው። በኮቪድ ምክንያት በመጋቢት 2020 የደንበኛ ኩባያ መቀበል አቁሞ በሰኔ 2021 እንደገና ጀመረ። ከጥር 2024 ወዲህ በስልክ ለሚያዝና በመኪና ለሚመጣ ደንበኛም ይቀበላል።

ቅናሹ ለምን ብዙ ሰው አልሳበም? በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ዎተር ፖርቲንጋ ያካሄዱት ጥናት መልስ ይሰጣል። የራሱን ኩባያ ላመጣ ሰው ቅናሽ ማድረግ ለውጥ አላመጣም፤ በሚጣለው ኩባያ ላይ ለብቻው ዋጋ ሲጨመር ግን ሰዎች የራሳቸውን መያዝ ጀመሩ። ሰው ከሚያገኘው ሳንቲም ይልቅ የሚያጣው ሳንቲም ይከነክነዋል። የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ ከጥር 2020 ጀምሮ በሚጣል ኩባያ ላይ 25 ሳንቲም እንዲጨመር ያወጀችው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላው መንገድ መያዣ ነው። የጀርመኗ ፍራይቡርግ በ2016 አንድ ዩሮ አስይዞ የሚወሰድና የትኛውም አባል ካፌ የሚመለስ ኩባያ ጀመረች። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። አገር ቤት ለስላሳና ቢራ በሳጥን ሲገዛ ባዶውን ጠርሙስ መመለስ ግዴታ ነው። ጠርሙስ የጎደለበት ሰው ከባለ ሱቁ ጋር እንዴት እንደሚከራከር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። አውሮፓ «አዲስ ዘዴ» የሚለውን የሰፈራችን ሱቅ ሲሠራበት ኖሯል።

በ2024 በፔታሉማ፣ ካሊፎርኒያ ወደ 30 የሚሆኑ ምግብ ቤቶች ለ12 ሳምንት ያለ መያዣ በሚመለስ ኩባያ ብቻ ሸጡ። በየመንገዱ መመለሻ ሣጥን ተቀምጦ 51 በመቶው ኩባያ ተመለሰ፤ ቁጥሩም ከ220,000 በላይ ነው። ግማሹ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ የመመለሻው ቦታ በቀረበ ቁጥር ሥርዓቱ ይሠራል ማለት ነው።

«ጊዜ የለኝም» ለሚሉትም መልስ አለ። በ1953 የተመሠረተው የፒያሳው ቶሞካ ሰው ቆሞ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ሥራው የሚሄድበት ቤት ነው። ሸክላውና ብርጭቆው እዚያው ይቀራል። ፈጥኖ መጠጣትና ይዞ መሄድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚሁ ሲያትል ስሙን ከአቦል የወሰደው ካፌ አቮል በጀበና የፈላ ቡና ያቀርባል፤ አምስት ደቂቃ ቁጭ ማለት ኩባያ ያድናል፣ ሰላምታም ያተርፋል።

ማን ያጥባል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የወረቀት ኩባያ ወደ አዳራሻችን የገባው ባህል ስለጠላን አይደለም። ስልሳ ሰው ሦስት ጊዜ ሲጠጣ 180 ሲኒ ይታጠባል፤ የሚያጥቡት ደግሞ ሁልጊዜ ሴቶቹ ናቸው። ዝግጅቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ወንበር ያጥፋሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ማጠቢያው ላይ ይቆማሉ። እናቴ ስለ ሲኒ ሳነሳባት «ልጄ፣ ያን ሁሉ ማን ሊያጥበው ነው?» ትላለች። እናቶቻችን በወረቀት ኩባያ ደስ ያላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብለው በረካን ከሰው ጋር ስለጠጡ ነው። ይህን ደስታ ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም።

ስለዚህ «ሲኒው ይመለስ» የሚል ሰው «እኔ አጥባለሁ» ማለት አለበት። አካባቢን እንጠብቃለን ብለን ሸክሙን ሁሉ ሴቶች ጫንቃ ላይ ከጫንነው፣ ቆሻሻውን ከኮሎምቢያ ሪጅ አንስተን እናቶቻችን ላይ ማራገፍ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ስልሳ ሲኒም እንደዚያው ነው።

ለማኅበራችን የቀረበ ሐሳብ

1. ሲኒ አንግዛ። እያንዳንዱ አባል ከቤቱ የማይጠቀምበትን ስድስት ሲኒ ቢያመጣ፣ አሥር አባላት ስልሳ ይሞላሉ። ባይመሳሰሉ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም እንግዳው የራሱን በቀላሉ ይለያል።

2. አንድ እንግዳ፣ አንድ ሲኒ። አቦሉን በጠጣበት ቶናውንም በረካውንም ይቀዳለት። በየዙሩ ሲኒ መሰብሰብና ለሌላ ሰው ማደል ይቅር። የሚታጠበው ከ180 ወደ 60 ይወርዳል፤ በምራቅ የሚተላለፍ በሽታም መንገድ ያጣል።

3. አስተጣጠቡ በወጉ ይሁን። ውኃ ብቻ ማለቅለቅ አይበቃም። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ከዚያ በአንድ ጋሎን ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና ተጨምሮ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይነከር፤ በመጨረሻ በጨርቅ ሳይወለወል ተደፍቶ በአየር ይድረቅ። እርጥብ ጨርቅ ጀርሙን ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ያዞረዋል።

4. የማጠብ ተራ ይውጣ። በየዝግጅቱ አራት ሰው፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት። ስማቸው ከዝግጅቱ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይለጠፍ። ቡና ያፈላች ሰው አታጥብም።

5. አተላው ቆሻሻ ውስጥ አይግባ። በሲያትል ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል ተከልክሏል። የቡና አተላና የወረቀት ማጥለያ ወደ ብስባሹ ማጠራቀሚያ ይሄዳሉ።

ለየዕለቱ ደግሞ

ክዳኑ የሚጠብቅ አንድ ፔርሙዝ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ካፌ ስትገቡ ከማዘዛችሁ በፊት አሳዩ፤ አስተናጋጁ በወረቀት ኩባያ ቀድቶ ወደ እናንተ ቢገለብጠው ትርፉ ድካም ነው። ቁጭ ብላችሁ የምትጠጡ ከሆነ «በሸክላ ስጡኝ» በሉ፤ ብዙ ቤቶች አላቸው፣ ካልተጠየቁ ግን አያወጡትም። ወተት የገባበትን ፔርሙዝ በዚያው ቀን እጠቡ፤ የክዳኑን ጎማ አውጥታችሁ ለብቻ አጽዱ፣ ሽታና ጀርም የሚደበቀው እዚያ ነው። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ይፈነጥቃል። የወረቀት ኩባያ የግድ ከሆነባችሁም ባዶውን አጠብ አድርጋችሁ በትክክለኛው ማጠራቀሚያ ጣሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

በሚቀጥለው ስብሰባችን በእነዚህ ላይ እንነጋገር።

ሀ. ባለፈው ዝግጅታችን የጠጣነው በምን ነበር? ያን የወሰነውስ ማን ነው?
ለ. በሚጣል ኩባያ ላይ 25 ሳንቲም ብናስከፍልና ገንዘቡ ለመጽሐፍ መግዣ ቢውል ትስማማላችሁ?
ሐ. በቤታችሁ ሲኒ የሚያጥበው ማን ነው? ለምን?
መ. የቀድሞ ተመራቂዎቻችን፣ በሥራ ቦታችሁ የራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ለመግባት ያስቸገራችሁ ነገር ምንድን ነው?

የመጀመሪያው የማጠብ ተራ መመዝገቢያ በስብሰባው ዕለት በር ላይ ይለጠፋል። የእኔ ስም አንደኛው መስመር ላይ ሰፍሯል፤ ሦስት ቦታ ቀርቷል።